የገና ደስታ ለምን ቶሎ ይበርዳል? የሚጸናውስ ከየት ይመጣል?

የገና ማግስት ለብዙ ሰው ከባድ ቀን ነው። ሲጠበቅ የነበረው በዓል አልፏል፤ እንግዳው ተሸኝቷል፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ከበዓሉ በፊት የነበረው ዕዳ፣ ሕመምና ቅያሜ ግን የትም አልሄደም። ማግስቱን እንኳ የማይጠብቅም አለ፤ በዕለቱ ሌላው ሲስቅና ሲዘምር እያየ "እኔ ምን ሆኜ ነው ደስ የማይለኝ?" ይላል። አማኝ ከሆነ ደግሞ ጸጸት ይጨመርበታል። "ታላቅ ደስታ" በተባለለት ቀን ልቡ የደረቀበት ሰው እምነቱን ራሱን መጠራጠር ይጀምራል።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ክርስትና ስለ ገና ደስታ የሚያስተምረው ነገር ብዙዎቻችን ከምናስበው ይልቅ ጠንካራ መሠረት አለው። ደስታው የቆመው በተፈጸመ ነገር ላይ ነው፤ ጸሎት ደግሞ ያ የተፈጸመው ነገር ከጆሮ ወደ ልብ የሚወርድበት መንገድ ነው። ሁለቱ እንዴት እንደሚያያዙ ሲገባን ከራሳችን የምንጠብቀውም ይለወጣል።

በመጀመሪያ ግን የበዓል ስሜት ቶሎ መብረዱ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ እንያዝ። የሰው ልብ አዲስ ነገር ሲያገኝ ይሞቃል፤ ቆይቶ ይለምደዋል፤ ሲለምደው ወደ ነበረበት ይመለሳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም ይህን አስተውለዋል። ፊሊፕ ብሪክማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት ትልቅ የሎተሪ ዕጣ የወጣላቸውን 22 ሰዎች ዕጣ ካልወጣላቸው ጋር አነጻጽረው ነበር። ባለ ዕጣዎቹ ከሌሎቹ እምብዛም የበለጠ ደስተኛ ሆነው አልተገኙም፤ ከወዳጅ ጋር እንደ መጨዋወት ወይም ቁርስ እንደ መብላት ካሉ ተራ ነገሮች የሚያገኙት ደስታ እንዲያውም አንሶ ተገኘ። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩን ሁሉ በዚህ ጥናት ላይ አልጥልም። መጽሐፈ መክብብም ይህንኑ ከብዙ ዘመን በፊት ተናግሮታል። ጸሐፊው ቤት ሠራ፣ ወይን ተከለ፣ ብርና ወርቅ ሰበሰበ፣ አዝማሪዎችን አቆመ፣ ዓይኑ የወደደውን ሁሉ አልከለከለም፤ በመጨረሻ ዞር ብሎ ሲያየው ሁሉ ከንቱ ሆነበት።

እንግዲህ በበዓሉ ላይ ሌላ ድግስና ሌላ ስጦታ ብንጨምርበት ሙቀቱ ትንሽ ይረዝም ይሆናል እንጂ አይጸናም። ድግስ ክፉ ነው እያልሁ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ድግስን ይወዳል። ነገር ግን ድግስ ደስታን መግለጽ ይችላል እንጂ ደስታን መውለድ ከአቅሙ በላይ ነው።

እረኞቹ ምን ተለወጠላቸው?

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን ቀስ ብሎ ላነበበ ሰው የደስታው ምንጭ እዚያው በግልጽ ተቀምጦለታል። መልአኩ ለእረኞቹ፦ "እነሆ፥ ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን ታላቅ ደስታ የምሥራች እነግራችኋለሁና አትፍሩ፤ ዛሬ በዳዊት ከተማ መድኃኒት እርሱም ክርስቶስ ጌታ የሆነ ተወልዶላችኋልና" አላቸው። "ደስ ይበላችሁ" ብሎ ብቻ አልሄደም። ምን እንደ ሆነ ነገራቸው፤ የት እንደ ሆነ ነገራቸው፤ ሄደው በዓይናቸው የሚያረጋግጡትን ምልክትም ሰጣቸው፤ ሕፃን ተጠቅልሎ በግርግም ተኝቶ ያገኛሉ። ደስታው ወሬውን ተከትሎ መጣ። ወሬው እውነት ከሆነ የደስታው መሠረት ከእረኞቹ ስሜት ውጭ ነው፤ ስሜታቸው ሲወጣና ሲወርድ እሱ ከቦታው አይነቃነቅም።

የእረኞቹን ኑሮ ደግሞ እንይ። ሌሊት በሜዳ መንጋቸውን እየጠበቁ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። አገሩ በሮም ሥልጣን ሥር ነው፤ ዮሴፍና ማርያም ቤተ ልሔም የተገኙት እንኳ አውግስጦስ ቄሣር ሕዝብ እንዲቆጠር ስላዘዘ ነው። በይሁዳ ዙፋን ላይ ጨካኙ ሄሮድስ ተቀምጧል። እረኞቹ ሕፃኑን አይተው ሲወጡ ከዚህ ሁሉ አንዱም አልተለወጠም። ሮም ያው ሮም፣ ሄሮድስም ያው ሄሮድስ ነው። ወንጌላዊው ግን "እግዚአብሔርን እያመሰገኑና እያከበሩ ተመለሱ" ይላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ይህ መመለስ ነው። ሥራ አልቀየሩም፤ ባለጠጋ አልሆኑም፤ መልአክ ታይቶናል ብለው ከሰው በላይ ልሁን አላሉም። ወደ ለመዱት ኑሮ ተመለሱ፤ የተመለሱት ግን እያመሰገኑ ነው። የዘወትር ኑሮአችን በማግስቱ እንዳለ ለሚጠብቀን ሰዎች ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላውቅም።

የምሥራቹ ለምን ደስ ያሰኛል?

የክርስትና እምነት ስለ ገና የሚናገረው ይህን ነው፦ ዓለምን የፈጠረው እግዚአብሔር ወልድ ሰው ሆነ። ሰው መስሎ ለጥቂት ጊዜ ታይቶ አልሄደም። ተጸነሰ፣ ተወለደ፣ ጡት ጠባ፣ አደገ፣ ራበው፣ ደከመው፣ በወዳጁ መቃብር አጠገብ እንባውን አፈሰሰ፣ ሞተ፣ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች "ወልድ ፍጡር ነው" የሚለውን የአርዮስን ትምህርት አጥብቀው የተቃወሙት በዚህ ጉዳይ የሚጠፋው ነገር ስለገባቸው ነው። በግርግም የተኛው ከፍጡራን አንዱ ከሆነ እግዚአብሔር ራሱ አልመጣም፤ መልእክተኛ ልኮ እሱ ሩቅ ቀርቷል ማለት ነው። የገና ደስታ ሁሉ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

እሱ ራሱ ከመጣ ግን የሰውን ልጅ ደስታ የሚበሉት ትልልቅ ነገሮች ሁሉ መልስ አግኝተዋል። ብቸኝነት አንዱ ነው። ሰው በሚያውቁት ሰዎች ተከብቦ እንኳ "የእኔን ነገር የሚረዳው የለም" የሚልበት ጊዜ አለ። የዕብራውያን መልእክት ስለ ክርስቶስ ሲናገር በድካማችን ሊራራልን የማይችል ሊቀ ካህናት የለንም ይላል፤ በሁሉ ነገር እንደ እኛ ተፈትኗልና። ሥጋችንን በውስጡ ሆኖ የሚያውቅ አምላክ ፊት ሕመምን ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላው የኅሊና ሸክም ነው። ሰው ያደረገውን ያውቃል። በጩኸትና በጥድፊያ ሊሸፍነው ይሞክራል፤ ብቻውን ሲሆን ይመጣበታል። መልአኩ ለዮሴፍ "እርሱ ሕዝቡን ከኃጢአታቸው ያድናቸዋል" ሲለው፣ ሕፃኑ የመጣው ይህንን ሸክም ሊያነሣ እንደ ሆነ ገና ከመወለዱ አስቀድሞ መናገሩ ነው። ሕፃኑ ወደ መስቀል የሚሄድ ሕፃን ነው። ገናን ከስቅለትና ከትንሣኤ ለይተን ስናከብረው የሚቀረን ደስ የሚል የልጅ ታሪክ ብቻ ነው፤ ልብን የሚያሳርፈው ኃይሉ ግን ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው።

ሞትም አለ። ያው የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 2 ላይ ክርስቶስ ሥጋና ደም የተካፈለበትን ምክንያት ሲገልጽ በሕይወታቸው ሁሉ በሞት ፍርሃት ታስረው የነበሩትን ነጻ እንዲያወጣ ነው ይላል። ይህ ለሰው ሁሉ የሚነገር ነው፤ ስለ ሞት ማሰብ የማይወድ ሰው ከፍርሃቱ ነጻ ወጥቷል ማለት አይደለምና።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታ የላካቸው ደቀ መዛሙርት በታላቅ ደስታ ተመልሰው አጋንንት እንኳ እንደ ተገዙላቸው ሲነግሩት፣ ደስታቸውን በዚህ ላይ እንዳያደርጉት ነገራቸው። "ስማችሁ በሰማያት ስለ ተጻፈ ደስ ይበላችሁ" አላቸው። የተሳካ አገልግሎት እንኳ የደስታ መሠረት እንዲሆን አልተፈቀደለትም፤ ነገ ላይሳካ ይችላልና። ከራሳቸው ሥራና ከቀኑ ሁኔታ ውጭ ወዳለ፣ እግዚአብሔር ወደ ያዘው ነገር መለሳቸው።

ኀዘን ያለበት ሰውስ?

በገና ሰሞን የሚያዝን ሰው ከበዓሉ የተገለለ ይመስለዋል። የልደቱን ታሪክ እስከ መጨረሻው ቢያነብ ግን ራሱን እዚያ ውስጥ ያገኛል። በማቴዎስ ምዕራፍ 2 ሄሮድስ የቤተ ልሔምን ሕፃናት ያስገድላል፤ እናቶች መጽናናትን እንቢ ብለው ያለቅሳሉ፤ ቅዱሱ ቤተሰብ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ግብፅ ይሰደዳል። ሽማግሌው ስምዖን ሕፃኑን አቅፎ ካመሰገነ በኋላ ወደ እናቱ ዞሮ "በነፍስሽ ሰይፍ ያልፋል" ይላታል። ምስጋናውና የሰይፉ ትንቢት የወጡት ከአንድ አፍ፣ በአንድ ቀን ነው። ወንጌላውያኑ ኀዘኑን ከበዓሉ ላይ ሊያወጡት አልፈለጉም።

ስለዚህ ክርስቲያናዊ ደስታ ኀዘን ሲወጣ የሚገባ አይደለም፤ አብረው ይኖራሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ራሱንና ባልንጀሮቹን ሲገልጽ "ኀዘንተኞች ስንሆን ዘወትር ደስ ይለናል" ብሎ ጽፏል። ጌታም በተያዘባት ሌሊት ደቀ መዛሙርቱን "አሁን ታዝናላችሁ" ካላቸው በኋላ "ደስታችሁንም የሚወስድባችሁ የለም" አላቸው። ኀዘናቸውን አልካደም፤ ወሰን ግን አበጀለት። ወዳጁን ቀብሮ ገናን የሚያከብር ሰው ፈገግ ማለት የለበትም። ማልቀስ ይችላል፤ እንባውም እምነት አነሰው አያሰኘውም።

ጸሎት እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል?

ባልተከፈተ ደብዳቤ ውስጥ ያለ የምሥራች እውነት ቢሆንም ማንንም ደስ አያሰኝም። ብዙዎቻችን የገናን መልእክት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ በቃላችን እናውቀዋለን፤ ግን አልከፈትነውም። ጸሎት መክፈቻው ነው።

ሉቃስ የልደቱን ታሪክ በጸሎት መክፈቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ካህኑ ዘካርያስ በቤተ መቅደስ ዕጣን ሲያጥን ሕዝቡ በውጭ ይጸልያል፤ መልአኩ መጥቶ የሚለው የመጀመሪያ ነገር "ጸሎትህ ተሰምቶልሃልና አትፍራ" ነው፤ ቀጥሎም "ደስታና ተድላም ይሆንልሃል" ይለዋል። ዘካርያስ ግን ያረጀ ሰው ነው፤ አላመነም፤ አንደበቱም ተዘጋ። ሆኖም ደስታው አልተሰረዘበትም። ዮሐንስ ተወልዶ አንደበቱ ሲፈታ መጀመሪያ የወጣው ምስጋና ነው። ጸልዮ ጸልዮ የታከተው፣ መልሱ ሲመጣ እንኳ ማመን ያቃተው ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። ነቢይቱ ሐናም አለች፤ ከባልዋ ጋር የኖረችው 7 ዓመት ብቻ ነው፤ የቀረውን ረጅም ዕድሜዋን በመበለትነት፣ በጾምና በጸሎት በቤተ መቅደስ አሳለፈችው። ሕፃኑ ሲመጣ ማንነቱን ያወቀችው በዚያ ሁሉ ዓመት ጸሎት የሠለጠነ ዓይን ስለነበራት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጸሎት በልብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ቀረብ ብለን ማየት ከፈለግን ግን ከብዙ ዘመን በፊት የነበረችው ሌላዋ ሐና፣ የሳሙኤል እናት፣ ታሳየናለች። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ላይ ታሪኳ አለ። ልጅ የላትም፤ ጣውንቷ በየዓመቱ ወደ ሴሎ ለበዓል በሚወጡበት ጊዜ ታበሳጫታለች። ልብ በሉ፤ በበዓል ነው የምታለቅሰው፤ የቀረበላትንም አትበላም። ባልዋ ሊያጽናናት ይሞክራል፤ አልሆነም። ተነሥታ ወደ እግዚአብሔር ቤት ሄደች፤ እያለቀሰች ጸለየች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እሷም አልሰከርሁም፣ "በእግዚአብሔር ፊት ነፍሴን አፈሰስሁ" አለችው። ዔሊም በሰላም ሂጂ፣ የእስራኤል አምላክ ልመናሽን ይስጥሽ አላት። ቀጥሎ ያለው ቃል ይህ ነው፦ "ሴቲቱም መንገድዋን ሄደች በላችም፥ ፊትዋም ከእንግዲህ ወዲያ አዘንተኛ መስሎ አልታየም።"

በዚህ ጊዜ ሐና አልጸነሰችም። ጣውንቷም ያው እዚያው ናት። የተለወጠው ሸክሙ ያለበት ቦታ ነው፤ ከሷ ደረት ወጥቶ በእግዚአብሔር ፊት ወደቀ። ሳሙኤል የተወለደው ኋላ ነው፤ ፊቷ የፈታው ግን ያን ቀን ነው። ጸሎትና ደስታ እንዴት እንደሚገናኙ ከዚህ ታሪክ የተሻለ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈውም ይህንኑ ይከተላል። "ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ" ያለው በእስር ላይ ሆኖ ነው። እንዴት ይቻላል ለሚል ሰው መልሱ ከሁለት ቁጥር በኋላ አለ፦ "በነገር ሁሉ በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር በእግዚአብሔር ዘንድ ልመናችሁን አስታውቁ እንጂ በአንዳች አትጨነቁ።" ከዚያ የተስፋ ቃሉ ይመጣል፤ አእምሮን ሁሉ የሚያልፍ የእግዚአብሔር ሰላም ልባችሁን ይጠብቃል። የለመናችሁት ሁሉ ይሰጣችኋል አላለም። ልባችሁ ይጠበቃል አለ።

በተግባር እንዴት ይጀመር ለሚል፣ ብዙ ጥበብ አያስፈልገውም። ከሉቃስ ምዕራፍ 1 ወይም 2 አጭር ክፍል ድምፅን አውጥቶ ማንበብ፤ ከዚያ ዝም ብሎ በአንድ ቃል ላይ መቆየት። ለምሳሌ "ተወልዶላችኋል" የሚለው ላይ። "ለእኔም ነው የተወለድኸው? ለዚህ ለዛሬው ጭንቀቴ?" ብሎ መጠየቅ። የሚያስጨንቀውን በስሙ መጥራት፤ "ችግሬን አቅልልኝ" ከማለት "የወንድሜን ነገር አልቻልሁትም፣ ከአንተ በቀር የምነግረው የለኝም" ማለት ይሻላል። ከዚያ ስለ አንድ ነገር ማመስገን። ማርያም "ይህን ነገር ሁሉ በልብዋ እያሰበች ትጠብቀው ነበር" ተብሎ የተጻፈው ይህን የመሰለ ዝምታ ነው። እረኞቹ አይተው ሄዱ፤ እሷ ግን ነገሩን ይዛ ቆየች። በበዓል ጥድፊያ መጀመሪያ የሚቀረው ይህ መቆየት ነው፤ ደስታውም ቶሎ የሚተነው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ጸልየንም ልብ ሲደርቅ

ይሆናል። መዝሙረ ዳዊት "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" የሚል ጸሎት በውስጡ ይዟል፤ እንዲህ ማለት ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ለጸሎት አይሰጠንም ነበር። አንዳንድ ጊዜ ድርቀቱ ምክንያት አለው፤ ያልተናዘዝነው በደል፣ ይቅር ያላልነው ሰው። ዳዊት ከወደቀ በኋላ "የማዳንህን ደስታ ስጠኝ" ብሎ የለመነው ደስታው የት እንደ ጠፋ ስላወቀ ነው። ንስሓ ደስታን የሚያሳጣ ይመስላል እንጂ መልሶ የሚያመጣው እሱ ነው።

ሁሉም ድርቀት ግን ከኃጢአት የመጣ አይደለም፤ ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ታላቅ ነገር ካየ በኋላ በአንድ ዛፍ ሥር ተኝቶ ነፍሱ እንድትወሰድ ለመነ። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። መልአክ መጥቶ ዳሰሰውና "ተነሥተህ ብላ" አለው፤ እንጎቻና ውኃ ከራሱ አጠገብ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀሰቀሰውና እንደገና አበላው። ንግግሩ የመጣው ኋላ ነው። የድባቴ ሕመም ሕመም ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የጠላ፣ ለሳምንታት ምንም የማያስደስተው ሰው፣ ይልቁንም መኖርን የጠላ ሰው፣ ከጸሎቱ ጋር ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። "እምነትህ ቢጸና ይለቅህ ነበር" የሚለው ሰው ከኤልያስ አምላክ ይልቅ ሊጨክንበት ሞክሯል።

ደስታ ብቻውን ተቀምጦ እንደማይጸናም የልደቱ ታሪክ ያሳያል። ማርያም ብሥራቱን እንደሰማች ፈጥና ወደ ኤልሳቤጥ ወጣች፤ ምስጋናዋ የፈሰሰው በዘመዷ ቤት ነው። እረኞቹም የሰሙትን አወሩ። በነህምያ ዘመን ሕዝቡ ሕጉ ሲነበብ ባለቀሰ ጊዜ "የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነውና አትዘኑ" ተባለ፤ በዚያው ቁጥር ላይ ግን ላልተዘጋጀለት ድርሻውን እንዲልኩ ታዘዋል። "ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ፥ ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ" የሚለው ትእዛዝም ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል። በዓሉን ብቻውን ለሚያሳልፍ ሰው ስልክ መደወል፣ የታመመውን ሄዶ መጠየቅ የደስታው ተጨማሪ ሥራ አይደለም፤ ደስታው የሚኖርበት መንገድ ነው።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ለሚያምን ሰው ነው የሚሉ ይኖራሉ። ያምኑ እንደ ሆነ እርግጠኛ ያልሆኑ፣ ጸልየው የማያውቁ ወይም ከተዉት የቆዩ አሉ። ለእነዚህ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ልጁ የታመመበት አባት የጮኸው ጸሎት ይበቃል፦ "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው።" ጌታ ይህን ሰው እምነትህን አስተካክለህ ና አላለውም፤ ልጁን ፈወሰለት። በዚያ ጸሎት መጀመር ይቻላል፤ ከዚያ የሉቃስን የመጀመሪያ ሁለት ምዕራፎች ማንበብ፣ ያልገባንንና ያላመንነውን ደግሞ ለእሱ ለራሱ መንገር።